ኢሲጂ በድንገተኛ ክፍል፦ የነርሶች ጥያቄና መልስ

ስለ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ ስለሚያሳየው ምርመራ) የሚከብዳችሁን ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ብዙ መጣ። አብዛኛው በድንገተኛ ክፍል ከሚሠሩ ነርሶች ነው፤ ከተማሪዎችና ውጭ አገር ከሚሠሩ ባልደረቦችም አለ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። የምጠቅሰው የመድኃኒት መጠን የአዋቂ ነው። የምትሠሩበት ተቋም መመሪያና የሀኪሙ ትዕዛዝ ከእኔ መልስ ይቀድማል።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እኛ ጋ «ኢሲጂውን አንሺና ለዶክተሩ ስጪ» ነው የሚባለው። ማንበብ የእኛ ሥራ ነው እንዴ?

መልስ፦ አዎ፣ ነው። የመጨረሻውን ትርጓሜ የሚሰጠውና የሚፈርመው ሀኪሙ ነው። ወረቀቱ ከማሽኑ ሲወጣ ግን ቀድሞ የሚያየው ነርሷ ናት። ደረቱን የሚያመው ሰው በገባ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂው ተነስቶ በሚያውቅ ሰው መታየት አለበት። በ5 ደቂቃ ተነስቶ ካርድ ውስጥ አንድ ሰዓት የተኛ ወረቀት ለበሽተኛው ምንም አልጠቀመውም።

ከእናንተ ሙሉ ምርመራ አይጠበቅም። ይህ ሰው መጠበቅ ይችላል ወይስ አይችልም? እሱን መመለስ ከቻላችሁ ትልቁን ሥራ ሠርታችኋል። የማይጠብቁት ብዙ አይደሉም። የኤስቲ (ከምቱ ሹል ጫፍ ቀጥሎ ያለው የመስመሩ ክፍል) ከፍታ፣ ሰፊና ፈጣን ምት፣ ሙሉ የልብ ብሎክ (ከላይኛው ወደ ታችኛው የልብ ክፍል የሚሄደው ምልክት ሙሉ በሙሉ መቋረጥ)፣ የፖታሲየም መብዛት ምልክት፣ እንዲሁም ከወረደ ግፊት ወይም ከመደናገር ጋር የመጣ ማንኛውም በጣም ፈጣን ወይም በጣም ዘገምተኛ ምት። እነዚህን ስታዩ ወረቀቱን ይዛችሁ ሀኪሙ ያለበት ድረስ ትሄዳላችሁ።

ጥያቄ፦ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ወረቀቱን ሳየው 12ቱም መስመሮች ይደባለቁብኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከበሽተኛው ጀምር። ቀና ብለህ እየው። ያወራል? ላብ አጥምቆታል? እጁ ቀዝቅዟል? ግፊቱ ስንት ነው? አንድ ዓይነት ወረቀት ሁለት ሰዎች ላይ ሁለት የተለያየ ትርጉም አለው። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚመታ ልብ ለሯጭ ጤና ነው፤ ግፊቱ 70 ለወረደ ሰው ግን አደጋ ነው።

ከዚያ ወደ ወረቀቱ። ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ሂድ። ስሙ የእሱ ነው? ሰዓቱ ትክክል ነው? ፍጥነቱ በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ ደግሞ ለ1 ሚሊ ቮልት 10 ሚሊ ሜትር መሆኑን አረጋግጥ። አንድ ሰው 50 ላይ አድርጎት ከነበረ ሁሉም ነገር የተለጠጠ ይመስላል።

ቀጥሎ ፍጥነቱን ቁጠር። ትንሿ ካሬ 0.04 ሰከንድ ናት፣ ትልቋ 0.20። በሁለት አር ጫፎች (የምቱ ረጅም ሹል ጫፎች) መካከል ያሉትን ትልልቅ ካሬዎች ቆጥረህ 300ን አካፍልላቸው። 4 ካሬ ካለ 75 ነው፤ 2 ካለ 150። ምቱ የተዘበራረቀ ከሆነ ይህ አይሠራም። የ10 ሰከንዱን ረጅም መስመር ወስደህ የኪውአርኤሱን (የታችኛውን የልብ ክፍል ምት የሚያሳየውን ሹል ሞገድ) ብዛት በ6 አባዛ።

ከዚያ ምቱ እኩል መራመዱን እይ። ከእያንዳንዱ ኪውአርኤስ በፊት ፒ (የላይኛው የልብ ክፍል ትንሽ ሞገድ) አለ? ከፒ መጀመሪያ እስከ ኪውአርኤስ ያለው ርቀት (ፒአር) ከ3 እስከ 5 ትናንሽ ካሬ ነው? ኪውአርኤሱ ከ3 ትናንሽ ካሬ ይጠባል? መጨረሻ ላይ ኤስቲ፣ ቲ (ከኤስቲ ቀጥሎ ያለው ሞገድ) እና ኪውቲ (ከኪውአርኤስ መጀመሪያ እስከ ቲ መጨረሻ ያለው ርቀት)። ቅደም ተከተሉን ለአንድ ወር ሳትዘል ከሠራህበት ዓይንህ ራሱ ይለምደዋል።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሮድ አለጣጠፍ ላይ ሁሉም ሰው የራሱ መንገድ አለው። ትክክለኛው የቱ ነው? እኔ አሁን ባሕረ ሰላጤው አገር ነው የምሠራው፤ የሽቦዎቹ ቀለም ከዚህ በፊት ከማውቀው የተለየ ሆኖብኛል።

መልስ፦ መጀመሪያ ቀለሙን እንጨርስ። በዓለም ላይ ሁለት አሠራር አለ። በአውሮፓው ቀይ ቀኝ እጅ፣ ቢጫ ግራ እጅ፣ አረንጓዴ ግራ እግር፣ ጥቁር ቀኝ እግር ነው። በአሜሪካው ነጭ ቀኝ እጅ፣ ጥቁር ግራ እጅ፣ ቀይ ግራ እግር፣ አረንጓዴ ቀኝ እግር ነው። ቀይ በአንዱ እጅ ላይ፣ በሌላው እግር ላይ መሆኑን ልብ በይ። ስለዚህ በቀለም አትተማመኚ። ሽቦው ጫፍ ላይ የተጻፈውን ፊደል አንብቢ። ማሽን በእርዳታ ከተለያየ አገር በሚመጣበት ሆስፒታል አንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ሊገኝ ይችላል።

የሁለቱ እጆች ሽቦ ከተቀያየረ ወረቀቱ ራሱ ይነግርሻል። ሊድ 1 ላይ (ሊድ ልብን ከአንድ አቅጣጫ የሚያሳይ መስመር ነው) ሁሉም ነገር ወደ ታች ይገለበጣል፤ ሁልጊዜ ወደ ታች የሚያየው ኤቪአር የሚባለው ሊድ ደግሞ ቀና ይላል። ይህን ስታዪ ለሀኪም ከመስጠትሽ በፊት አስተካክለሽ ድገሚው።

ደረት ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ቪ1 እና ቪ2ን ነው። ከፍ አድርጎ አንገት ሥር ይለጥፋቸዋል። ቦታቸው 4ኛው የጎድን አጥንት ክፍተት፣ ከደረት አጥንቱ ቀኝና ግራ ነው። በጣትሽ ከአንገት ሥር ወደ ታች ስትወርጂ ደረት አጥንቱ ላይ ጉብ ያለ ቦታ ታገኛለሽ። ከእሱ ጎን ያለው 2ኛው የጎድን አጥንት ነው፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ 2ኛው ክፍተት። ከዚያ ሁለት ክፍተት ቁጠሪ። ቪ4 5ኛው ክፍተት ላይ፣ ከክላቪክል መሃል ቁልቁል በሚወርደው መስመር ነው። ቪ3 በቪ2 እና በቪ4 መካከል። ቪ5 እና ቪ6 ከቪ4 ጋር በአንድ አግድም መስመር ወደ ብብት ይሄዳሉ፤ የጎድን አጥንቱን ተከትለው ወደ ላይ አይወጡም።

ሴቶች ላይ ኤሌክትሮዱ ከጡት ሥር እንጂ ከላዩ አይለጠፍም። መጋረጃ ዝጊ፣ አስረጃት፣ ነጠላዋን መልሰሽ አልብሻት። እናቶች ሲያፍሩ ይኮማተራሉ፤ የተኮማተረ ጡንቻ መስመሩን ያንቀጠቅጠዋል። ላብ ካለ አድርቂ፣ ጸጉር ካለ ላጪ።

ጥያቄ፦ ሞኒተሩ «ቪ ታክ» (ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሳ አደገኛ ፈጣን ምት) እያለ ይጮሃል፣ በሽተኛው ግን ከአስታማሚው ጋር እያወራ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ድምፁን ከማጥፋትህ በፊት በሽተኛውን ንካው። የእጁን ትርታ ያዝ፣ ግፊቱን ለካ። ቪ ታክ ያለበት ሰው ለጥቂት ጊዜ ሊያወራ ስለሚችል «ያወራል» ብቻውን አያረጋጋም። ከዚያ መስመሩን በደንብ እየው። በትልልቁ መንቀጥቀጥ መሃል እየተራመዱ የሚሄዱ ሹል የኪውአርኤስ ጫፎች ካሉ፣ ርቀታቸውም ከበፊቱ ምት ጋር ከገጠመ፣ ያየኸው የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ጥርስ መፋቅ፣ ብርድ፣ የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ፣ የላላ ኤሌክትሮድ ሁሉም ይህን ያመጣሉ። የኦክስጅን መለኪያው ሞገድም ይረዳሃል፤ እሱ እኩል እየመታ ከሆነ ልቡም ከእሱ ጋር እየመታ ነው። ጥርጣሬ ካለህ 12 ሊድ አንሳ።

ደጋግሞ በሐሰት የሚጮህ ሞኒተር ሰውን ያደነዝዛል። ኤሌክትሮዶቹን ቀይሩ፣ የማስጠንቀቂያ ገደቡን ለበሽተኛው በሚስማማ መንገድ አስተካክሉ። ድምፁን ዘግቶ መሄድ ግን በጭራሽ አይሆንም።

ጥያቄ፦ መስመሩ ቀጥ ሲል ሾክ እንሰጣለን? ፊልም ላይ ይሰጣሉ።

መልስ፦ አይሰጥም። ሾክ የሚሰጠው ለሁለት ነው፦ ለቪ ፊብ (የታችኛው የልብ ክፍል ሳይመታ መንቀጥቀጥ) እና ትርታ ለሌለው ቪ ታክ። ቀጥ ላለ መስመር፣ እንዲሁም ሞኒተሩ ላይ ምት እየታየ ትርታ ለሌለው ሰው፣ ሕክምናው ጥሩ የደረት መጫንና አድሬናሊን ነው፤ 1 ሚሊ ግራም በየ3–5 ደቂቃው። ጎን ለጎን ምክንያቱን ፈልጉ። ደም መፍሰስ ነው? የኦክስጅን እጥረት? ፖታሲየም? ልብን ከውጭ የጨመቀ ፈሳሽ? በአየር የተነፋ ደረት?

ቀጥ ያለ መስመር ስታዩ ሽቦ አለመውለቁን አረጋግጡ፣ የሞገዱን ቁመት ከፍ አድርጉ፣ በሌላ ሊድ እዩት። በጣም ደቃቅ ቪ ፊብ ቀጥ ያለ መስመር ሊመስል ይችላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ደረት መጫኑ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀጥላል። ምት ለማየት የምታቆሙት ከ10 ሰከንድ አይብለጥ።

ጥያቄ፦ አንዲት ወጣት «ልቤ ሊወጣ ነው» ብላ መጣች። ምቷ 190 ነው፣ እኩል ይራመዳል፣ ኪውአርኤሱ ጠባብ ነው፣ ፒ አይታይም። ግፊቷ 110/70። አዴኖሲን አልነበረንም። ምን ማድረግ እንችላለን?

መልስ፦ የገለጽሽው ኤስቪቲ (ከታችኛው የልብ ክፍል በላይ የሚነሳ ፈጣን ምት) ይመስላል። ግፊቷ ጥሩ ስለሆነ ጊዜ አላችሁ። መድኃኒት የማይፈልግ ጥሩ ዘዴ አለ፤ የተሻሻለው ቫልሳልቫ ይባላል። በ2015 የወጣው የእንግሊዝ ጥናት በደንብ ፈትኖታል። በተለመደው መንገድ ከ100 ሰው 17ቱ ሲመለስላቸው በተሻሻለው 43ቱ ተመልሶላቸዋል። ዋጋው ባዶ ሲሪንጅ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በግማሽ ተቀምጣ በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አፍ በኩል፣ ፒስተኑን ለማንቀሳቀስ ያህል፣ 15 ሰከንድ በኃይል ትንፋ። ልክ እንዳቆመች ጀርባዋን ጠፍጣፋ አስተኟት፣ ሁለት እግሮቿን 45 ዲግሪ አንሥታችሁ 15 ሰከንድ ያዙ። ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ከመጀመራችሁ በፊት ደም ሥር ክፈቱ፣ ሞኒተር ላይ አድርጓት፣ ዲፊብሪሌተሩን አቅርቡ።

አዴኖሲን ካለ 6 ሚሊ ግራም ክርን አካባቢ ባለ ትልቅ ደም ሥር በፍጥነት ይሰጣል፤ ወዲያው 20 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ይከተለዋል። ካልሠራ 12። በሰከንዶች ውስጥ ከደም ስለሚጠፋ በቀጭን የእጅ ካኑላ ቀስ ብሎ ከተሰጠ ልብ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። አስም ካላት ለሀኪሙ ተናገሩ። ለበሽተኛዋም ቀድማችሁ ንገሯት። ለጥቂት ሰከንድ የምትሞት የሚመስል ስሜት ይሰማታል፤ ሳትነገራት ቢሰማት በጣም ትደነግጣለች። መድኃኒቱ ሲገባ ወረቀቱ እየታተመ ይሁን። ምቱ ሲዘገይ ከሥር የነበረው ነገር፣ ለምሳሌ የኤትሪያል ፍለተር (የላይኛው የልብ ክፍል በጣም ፈጥኖ ግን እኩል መምታት) የመጋዝ ጥርስ፣ የሚገለጠው ያኔ ነው። ምቱ 150 ላይ ተቸንክሮ ፍንክች የማይል ከሆነ ፍለተርን ጠርጥሩ።

ግፊቷ ቢወርድ፣ ብትደናገር ወይም ደረቷን ቢያማት ግን መንፋትም መጠበቅም የለም። የተመሳሰለ ሾክ (ከኪውአርኤሱ ጋር ገጥሞ የሚሰጥ) ነው የሚያስፈልጋት። የማመሳሰያውን ቁልፍ ከእያንዳንዱ ሾክ በፊት እንደገና መጫን አትርሱ፤ ብዙ ማሽኖች ከአንድ ሾክ በኋላ ራሳቸው ያጠፉታል።

ጥያቄ፦ ሰፊና ፈጣን ምት ቪ ታክ ነው ወይስ ሌላ የሚለውን እንዴት እለያለሁ?

መልስ፦ በድንገተኛ ክፍል ለመለየት ብዙ አትድከም። ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ቪ ታክ ነው ብለህ ያዘው። በተለይ ሰውየው ዕድሜው የገፋ ወይም ልቡ ከዚህ በፊት የታመመ ከሆነ። ቬራፓሚል ለዚህ ምት አይሰጥም፤ ግፊቱን ጥሎ ልብን ሊያቆም ይችላል።

ጥያቄ፦ ከ30 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሲመጡ አያለሁ። መጽሐፉ ላይ የሽማግሌ በሽታ ነው የሚለው። ለምን እንዲህ ሆነ?

መልስ፦ መጽሐፉ የተጻፈው የሩማቲክ ልብ ሕመም በጠፋበት አገር ላሉ አንባቢዎች ነው። እኛ ጋ በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት የሩማቲክ ትኩሳት ያመጣል፣ ትኩሳቱ ሚትራል ቫልቩን ያጠባል፣ የላይኛው የግራ ክፍል ይለጠጣል፣ ከዚያ ምቱ ይዘበራረቃል። ወረቀቱ ላይ ፒ የለም፤ በአር ጫፎች መካከል ያለው ርቀትም አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ልቡ ሲመታ ሁሉም ምት እጅ ጋ ስለማይደርስ በእጅ ትርታ ብቻ አትቁጠሪ። ስቴቶስኮፑን ደረት ላይ አድርገሽ ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሪ፣ የእጁንም ጻፊ።

ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ዲጎክሲን (ምቱን የሚያዘገይ መድኃኒት) ይወስዳሉ። እዚህ ጋ የነርስ ዓይን ሕይወት ያድናል። ሲዘበራረቅ የኖረው ምት በድንገት ዘገምተኛና እኩል ከሆነ «ተሻለው» አትበሉ። የዲጎክሲን መርዛማነት ያመጣው ብሎክ ሊሆን ይችላል። ማስመለስ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ቢጫ ማየት ካለ ቀጣዩን ዶዝ ያዙና ሀኪም ጥሩ። ላሲክስም (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) አብሮ የሚወስድ ከሆነ ፖታሲየሙ ወርዶ ነገሩን ያባብሰዋል።

የደም ማቅጠኛውንም ጠይቋቸው። ለሩማቲክ ሚትራል ጥበትና ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚመረጠው አሁንም ዋርፋሪን ነው። በ2022 የወጣው ኢንቪክተስ የተባለው ትልቅ ጥናት ከሪቫሮክሳባን የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። አቋርጠው ከመጡ ስትሮክ ደጃፋቸው ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ምቱ 38 ነው፤ አትሮፒን ሰጥተን ምንም አልተቀየረም። ለምን?

መልስ፦ ብሎኩ የት እንዳለ ይወስነዋል። ፒ በራሱ ፍጥነት፣ ኪውአርኤስ በራሱ ፍጥነት የሚሄዱ ከሆነና ኪውአርኤሱ ሰፊ ከሆነ ሙሉ ብሎክ ነው፤ የተቋረጠውም ዝቅ ብሎ ነው። አትሮፒን እዚያ ብዙም አይደርስም። 1 ሚሊ ግራም በየ3–5 ደቂቃው እስከ 3 ሚሊ ግራም ሊሞከር ይችላል፤ እሱን እየጠበቁ ግን ጊዜ አይጠፋም። በቆዳ ላይ የሚሠራ ፔሲንግ (ልብን በኤሌክትሪክ ማስመታት) ወይም የአድሬናሊን ወይም የዶፓሚን ድሪፕ ይዘጋጃል፣ ሪፈራሉም ወዲያው ይጀመራል። ፒአሩ ሳይረዝም ድንገት አንድ ኪውአርኤስ የሚጎድልበት ሁለተኛ ደረጃ ብሎክም በማንኛውም ሰዓት ወደ ሙሉ ብሎክ ሊዞር ስለሚችል ከሞኒተር አይወርድም።

ከገጠር ለመጣ ዘገምተኛ ምት አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ የተባይ ማጥፊያ ጠጥቶ ይሆን? ምራቁ ይዝረከረካል? የዓይኑ ብሌን ጠቧል? ደረቱ ይንኮራኮራል? ኦርጋኖፎስፌት ከሆነ አትሮፒኑ በ3 ሚሊ ግራም አይቆምም። በየ3–5 ደቂቃው እጥፍ እየተደረገ ደረቱ እስኪደርቅ ይሰጣል። መለኪያው የደረቱ መድረቅ ነው፤ የዓይን ብሌን መስፋት አይደለም። ኪውቲውም ሊረዝም ስለሚችል ኢሲጂውን ደጋግሙት።

ጥያቄ፦ ኩላሊቷ የደከመ እናት ዲያሊሲስ አምልጧት መጣች። ቲ ሞገዷ ሹል ነው፣ ኪውአርኤሷም ሰፍቷል። የፖታሲየም ውጤት እስኪመጣ እንጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቁ። ታሪኳና ወረቀቷ ከገጠሙ ላቦራቶሪው ማረጋገጫ ነው እንጂ ፈቃድ ሰጪ አይደለም። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ቲ እንደ ድንኳን ይሾላል፣ ከዚያ ፒ እየጠፋ ይሄዳል፣ ኪውአርኤሱ ይሰፋል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ተቀላቅሎ ማዕበል ይመስላልና ልብ ይቆማል። ግን ሁሉም ሰው ይህን ቅደም ተከተል አይጠብቅም። አንዳንዱ ከሹል ቲ ቀጥታ ወደ ቪ ፊብ ይሄዳል።

ሀኪሙን ጠርታችሁ 10% ካልሲየም ግሉኮኔት ቀስ ተብሎ በደም ሥር ይሰጣል፤ በየመመሪያው ከ10 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ኪውአርኤሱ ሲጠብ ታያላችሁ። ካልጠበበ ይደገማል። ካልሲየም ፖታሲየሙን አይቀንስም፣ ልቡን ብቻ ነው የሚጠብቀው፤ ያውም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ። ስለዚህ ሬጉላር ኢንሱሊን 10 ዩኒት ከ25 ግራም ግሉኮስ ጋር ይከተላል። ያላችሁ 40% ግሉኮስ ከሆነ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው። ሳልቡታሞል ኔቡላይዘርም ይረዳል። የኩላሊት ሕመምተኛ ኢንሱሊኑ ቶሎ አይወጣለትም። ስኳሯን በየሰዓቱ ለ6 ሰዓት ያህል ለኩ፤ እናትየው ከፖታሲየም ድና በስኳር ማነስ እንዳትጎዳ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ፖታሲየሙን ከሰውነት የሚያወጣው ዲያሊሲሱ ስለሆነ ስልኩ ቶሎ ይደወል።

ማሽኑ ሹሉን ቲ ኪውአርኤስ መስሎት ምቱን እጥፍ አድርጎ ሊጽፍም ይችላል። በእጃችሁ ቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ማሽኑ ራሱ «የልብ ጡንቻ መሞት» ዓይነት ነገር ይጽፋል። የ24 ዓመት ጤነኛ ልጅ ላይ ሳይቀር። እንመነው?

መልስ፦ ማሽኑ የጻፈውን ሳታነቡ የራሳችሁን አንብቡ፤ ከዚያ አወዳድሩ። ወጣት ወንዶች ላይ፣ በተለይ በጥቁሮች፣ ኤስቲ በተፈጥሮው ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ብዙ ጊዜ ከቪ2 እስከ ቪ5 ነው፤ ወደ ላይ ፈገግ ያለ ቅርጽ አለው፣ በሌላው ሊድ መውረድ አያሳይም፣ በ15 ደቂቃ ልዩነት ሲነሳም አይቀየርም። ለዓመታት ያልታከመ ግፊት ያወፈረው ልብም ቪ1–ቪ3 ላይ ኤስቲን ያነሳል።

እውነተኛው የልብ ጡንቻ መሞት ግን ሰፈር አለው። ሊድ 2፣ 3 እና ኤቪኤፍ የልብ ታችኛው ግድግዳ ነው። ከቪ1 እስከ ቪ4 የፊቱ። ሊድ 1፣ ኤቪኤል፣ ቪ5 እና ቪ6 የጎኑ። በሁለት ጎረቤታም ሊዶች 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ያስደነግጣል፤ ቪ2 እና ቪ3 ላይ መስፈርቱ ከፍ ይላል፤ ለሴት 1.5፣ ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ ወንድ 2፣ ከዚያ በታች ለሆነ 2.5። በተቃራኒው ወገን ኤስቲ ከወረደ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

የታችኛው ግድግዳ ከሆነ ቪ4ን ወደ ቀኝ ደረት አዙራችሁ ሌላ ኢሲጂ አንሡ። የቀኙ ልብ ተነክቶ ከሆነ ናይትሮግሊሰሪን ግፊቱን በአንዴ ሊጥለው ይችላል። ይህን የቀኝ ኢሲጂ ሳይታዘዝ አንሥቶ የሚያቀርብ ነርስ ለቡድኑ ትልቅ ነገር አድርጓል። ወረቀቱ ላይ ግን «የቀኝ» ብላችሁ በእስክሪብቶ ጻፉ።

ተቃራኒውም አለ። ሕመሙ ቀጥሎ ወረቀቱ ጤነኛ ከሆነ ሰውየውን ወደ ቤት አይሰደውም። በየ15–30 ደቂቃው ድገሙት። የስኳር ሕመምተኞች፣ ሴቶችና አረጋውያን ደረታቸውን ሳያማቸው በትንፋሽ ማጠር፣ በማቅለሽለሽ ወይም በድካም ብቻ ሊመጡ ይችላሉ። «ጨጓራዬ ነው» የሚል የ55 ዓመት አጫሽ ኢሲጂ ሳይነሳለት ኦሜፕራዞል ይዞ አይሂድ።

ጥያቄ፦ ኪውአርኤሱ በሁሉም ሊድ ትንንሽ ሆኖ ሲወጣ ማሽኑ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ካሊብሬሽኑን እዩ። ትክክል ከሆነ በሽተኛውን እዩ። የእጅና የእግር ሊዶች ሁሉ ከ5 ሚሊ ሜትር ካነሱ፣ ምቱ ፈጣን ከሆነና የአንገት ደም ሥር ከተወጠረ በልብ ዙሪያ ፈሳሽ ሊኖር ይችላል። አገራችን ላይ የቲቢ ነገር ሁልጊዜ ይታሰባል። አንዱ ኪውአርኤስ ረጅም፣ ቀጣዩ አጭር እየሆነ ከተፈራረቀ ልቡ ፈሳሹ ውስጥ እየዋዠቀ ነው። አልትራሳውንድ ወዲያው። ላሲክስ ግን እንዳትቸኩሉ፤ የተጨመቀ ልብ የሚሞላው ደም ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ክሊኒክ ነው የምሠራው። በየጊዜው ኢሲጂ የምናነሳው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ቤዳኩሊን፣ ክሎፋዚሚን እና ሞክሲፍሎክሳሲን ሦስቱም ኪውቲን ያስረዝማሉ። በምት ፍጥነት የተስተካከለው ኪውቲ ከ500 ሚሊ ሰከንድ ካለፈ ቀጣዩ ዶዝ ከመሰጠቱ በፊት ሀኪሙ ማወቅ አለበት። ምቱ ከ60 እስከ 100 ባለበት ጊዜ ለዓይን የሚሆን መላ አለ፦ ኪውቲው ከሁለት አር ርቀት ግማሽ ካለፈ ረዝሟል ብለሽ ለኪው። እነዚህ ሰዎች ሲያስመልሳቸው ድንገተኛ ክፍል መጥተው ኦንዳንሴትሮን ይሰጣቸዋል፤ እሱም ኪውቲን ያስረዝማል። ማስመለሱ ደግሞ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ያወርዳል። የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር ሳትጠይቁ አትስጡ። ቶርሳድ (ከረዘመ ኪውቲ የሚመጣ የቪ ታክ ዓይነት) ከመጣ ማግኒዥየም ሰልፌት 2 ግራም በደም ሥር፤ ትርታ ከሌለ ወዲያው ያልተመሳሰለ ሾክ።

ጥያቄ፦ ሌሊት ስፔሻሊስት ስለሌለ ወረቀቱን ፎቶ አንሥተን በቴሌግራም እንልካለን። ችግር አለው?

መልስ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው። አዲስም አይደለም። የኢሲጂ አባት የሚባለው የኔዘርላንዱ ዊለም አይንትሆቨን በ1905 ከሆስፒታሉ እስከ ላቦራቶሪው 1.5 ኪሎ ሜትር በስልክ ሽቦ የልብ ሞገድ አስተላልፎ ነበር። ኋላም በ1924 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ግን በደንብ ላኩት። ወረቀቱን ጠፍጣፋ ቦታ አንጥፉ፣ ከላይ ቀጥ ብላችሁ አንሡ፣ ጥላችሁ አይረፍበት፣ ካሊብሬሽኑና 12ቱም ሊድ ይታዩ። ስምና የካርድ ቁጥር ሸፍኑ፤ ብዙ ሰው ባለበት ግሩፕ አትለጥፉ። ከፎቶው ጋር ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት፣ ግፊት፣ ኦክስጅን፣ የሚወስደው መድኃኒት ይጻፍ። ከዚያ ደውሉ። የተላከ ፎቶ ታይቷል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ያየሁትን ስናገር «አንቺ ኢሲጂ ማን አስተማረሽ» ተባልኩ። ከዚያ በኋላ መናገር ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ አዝናለሁ። እንዲህ መባል አልነበረብሽም። ፍርሃትሽ ግን በሽተኛው ላይ እንዳይተርፍ። የምርመራ ስም ሳትሰጪ ያየሽውን ተናገሪ፦ «ዶክተር፣ አልጋ 4 ላይ ያሉት የ60 ዓመት አባት ደረታቸውን ከጀመራቸው 2 ሰዓት ሆኗል። ግፊታቸው 90/60 ነው። ሊድ 2፣ 3 እና ኤቪኤፍ ላይ ኤስቲ ከፍ ብሎ አየሁ። አሁን መጥተው እንዲያዩልኝ ነው።» በዚህ ላይ የሚከራከር ሰው ይከብደዋል። ያሳወቅሽበትን ሰዓትና የተሰጠሽን መልስ ካርዱ ላይ ጻፊ። ካልመጣ ለሲኒየሩ ወይም ለተረኛ ኃላፊዋ ንገሪ። ይህ ማሳበቅ አይደለም፣ ሥራሽ ነው።

ጥያቄ፦ የድሮ ኢሲጂ ካርድ ውስጥ ሳገኝ ብዙ ጊዜ ነጭ ወረቀት ሆኖ ነው። ለምን ይጠፋል?

መልስ፦ ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ነው። ፀሐይ፣ ሙቀት፣ አልኮልና ፕላስተር ያጠፉታል። በዚያው ቀን ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ኮፒውን ካርዱ ውስጥ ያዙ። ኮፒ ማሽን ከሌለ በተቋሙ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ፎቶውን አስቀምጡ። ሰውየው በሚቀጥለው ዓመት ደረቱን አሞት ሲመጣ ሀኪሙ «የበፊቱ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ያ የግራ በንድል ብሎክ (ወደ ግራው የልብ ክፍል የሚሄደው ምልክት መቋረጥ) ዛሬ የመጣ ነው ወይስ የቆየ የሚለው የሚመለሰው በዚያ ኮፒ ነው።